«ያልተጠየቀ ሕዝብ ማስክ የሚያደርገው ለፖሊስ ነው!»

(ከዚህ በታች የምታነቡት አንድ የእድር ጸሐፊ በእድራቸው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው፡፡ ጉባኤው ከያዛቸው አጀንዳዎች አንዱ በኮሮና ጊዜ የተጠራቀመው የወረርሽኝ መጠባበቂያ ገንዘብ ለድንኳንና ለወንበር መግዣ ይዋል ወይስ ይቆይ የሚል ነበር፡፡ - አዘጋጁ)



ሰብሳቢያችን «አደራ እንዳታስረዝም» ብለውኛል፤ እሞክራለሁ፡፡ የቀረበልን አጀንዳ ላይ ላዩን ሲታይ የድንኳንና የወንበር ጉዳይ ይመስላል፡፡ አይደለም፡፡ በ2012 ዓ.ም. ከየወሩ መዋጯችን ላይ ቆንጥረን ያስቀመጥናት ገንዘብ «ኮሮናው ሄዷል፣ ገንዘቡ ምን ይሠራል?» ተብላ ድንኳን ትሁን ተብሏል፡፡ ድንኳናችን መቀደዱን ማንም አይክድም፡፡ ባለፈው ክረምት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የዘነበብን ሁላችንም ነን፡፡ እኔ ግን ገንዘቧ አትነካ፣ እንዲያውም ደንብ ይውጣላት ከሚሉት ወገን ነኝ፡፡ ለምን ቢሉ፣ በዚያን ሰሞን እኛ ተራ ሰዎች የተከራከርነው ክርክር ሜዳ ላይ እንዳይቀር ነው፡፡

አየር መንገዱና ሊስትሮው

ክርክሩ የተጀመረው በሽታው ከመግባቱ በፊት ነው፡፡ ትዝ ይላችኋል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጥር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ ነው ብሎ አወጀ፡፡ ከዚያ በኋላ የካቲትን ሙሉ በታክሲ ሰልፉ፣ በጀበና ቡናው፣ በፀጉር ቤቱ አንድ ወሬ ብቻ ነበር፡፡ «አየር መንገዳችን የቻይናን በረራ ለምን አያቆምም?»

አየር መንገዱ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በረራ አቁሙ እንዳላለ፣ የሚሠራውም በምክሩ መሠረት እንደሆነ ይናገር ነበር፡፡ እውነትም ድርጅቱ በዚያን ጊዜ በረራ ይቁም የሚል ምክር አልሰጠም፡፡ ግማሹ ሰው «ገንዘብ ከነፍስ በለጠባቸው!» ይላል፡፡ ግማሹ ደግሞ «አየር መንገዱ ከወደቀ በኋላ ማን ያነሳዋል? እንጀራው ከዚያ የሆነ ስንት ቤተሰብ አለ?» ብሎ ይመልሳል፡፡

ልብ በሉልኝ! ይህን የሚከራከሩት ወያላው፣ ሊስትሮውና ጉልት ቸርቻሪዋ ናቸው፡፡ ጤናና ኢኮኖሚ በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ የትኛው ይበልጣል የሚለው ጥያቄ የዓለምን መሪዎች እንቅልፍ ከመንሳቱ በፊት እዚህ ሰፈር ቡና እየተጠጣበት ነበር፡፡ ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት ነበረው፡፡ በሽታ በአውሮፕላን መምጣቱ እውነት ነው፡፡ መጋቢት 13 ቀን የቻይናው ቱጃር ጃክ ማ ለአፍሪካ አገሮች የላኩት ማስክና መመርመሪያ የገባውና የተከፋፈለው በዚሁ አየር መንገድ መሆኑም እውነት ነው፡፡ የጎደለው ሁለቱን ወገን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «እስቲ አስረዱኝ፣ እኔም ላስረዳችሁ» የሚል ባለሥልጣን ነው፡፡

የመጋቢት 6ቱ እሁድ

የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ የተነገረው ዓርብ መጋቢት 4 ነው፡፡ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር፡፡ ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ ታገደ፡፡ በመሃል ያለችው እሁድ የእኛ ነበረች፡፡ እዚሁ ግቢ ተራርቀን ተቀምጠን ስብሰባ አደረግን፡፡ ቃለ ጉባኤው እጄ ላይ ስላለ የተባለውን አንድ በአንድ ላስታውሳችሁ፡፡

መጀመሪያ እጁን ያወጣው በቀን ሥራ የሚተዳደር ወንድማችን ነው፡፡ «ነገ ከነገ ወዲያ ቤት ቁጭ በሉ ሊሉን ነው፡፡ እኔ ዛሬ ካልተሸከምኩ ማታ ልጆቼ አይበሉም፡፡ በሽታው ቢይዘኝ ምናልባት እድናለሁ፤ ረሃቡ ግን ምናልባት የለውም፡፡ እና ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልብላ?» አለ፡፡ ሁላችንም ዝም አልን፡፡

ቀጥላ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እህታችን ተነሳች፡፡ «እጃችሁን በየሰዓቱ ታጠቡ ይላል ሬዲዮኑ፡፡ ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እሱም ሌሊት ነው፡፡ በጀሪካን የምገዛውን ውሃ ለሊጥ ላድርገው ወይስ ለእጄ?» አለች፡፡

አንድ ጎረምሳ ደግሞ «በሽታውን ያመጡት ፈረንጆቹና ቻይኖቹ ናቸው፤ ሰፈራችን እንዳይገቡ እንከልክል» አለ፡፡ ይህ ነገር በኛ ጎረምሳ ብቻ የተነገረ አልነበረም፡፡ በዚያን ሳምንት በየመንገዱ የውጭ ሰው ሲታይ «ኮሮና! ኮሮና!» እየተባለ ይሰደብ፣ ድንጋይም ይወረወርበት ስለነበር ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን ተጠንቀቁ እስከማለት ደርሰው ነበር፡፡ እዚህ ግን ወዲያው መልስ አገኘ፡፡ አንድ አባታችን ብድግ ብለው «እንግዳ የሚደበድብ ሰፈር ነገ ያሳለውን ጎረቤቱን ይደበድባል፡፡ ዛሬ ቻይና ያልከውን ነገ እናትህ ብታስል ምን ልትላት ነው?» አሉት፡፡ ጎረምሳው ተቀመጠ፡፡

ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ሰማይ የነካበት ሰሞን ነውና «ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እንግዛ፣ ፌጦም አይጥፋ» የሚል ሐሳብ መጣ፡፡ ጡረታ የወጡት ነርሳችን ሳቁና «ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ነው፡፡ ወጡም ይጣፍጣል፤ ቫይረሱን ግን አይገድልም፡፡ ገንዘባችሁን ሳሙና ግዙበት» አሉ፡፡ ኋላ በዚያው ወር መገባደጃ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «ከአገር በቀል ዕውቀት መድኃኒት ተገኘ» ብለው ያገር ጉድ መግለጫ ሲሰጡ፣ እኔ ነርሳችንን ነው ያስታወስኩት፡፡ አንዲት ጡረተኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር የዘጉትን በር ባለሥልጣናቱ በቴሌቪዥን ከፈቱት!

በዚያን ዕለት ምን ወሰንን? የመጠባበቂያ ገንዘቧን አቋቋምን፡፡ በዕለት ገቢ የሚኖሩትንና ብቻቸውን ያሉ አዛውንቶችን ስም ዝርዝር ያዝን፡፡ ሮቶ ያላቸው አባላት ለሌላቸው በቀን አንድ ጀሪካን እንዲሰጡ ተስማማን፡፡ ሰው ቢሞት ድንኳን አይተከልም፣ ገንዘቡ ለሐዘንተኛ ቤት በእጅ ይሰጣል አልን፡፡ ይህን ሁሉ የወሰንነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፡፡ ማንም አላዘዘንም፡፡ ስለተከራከርን ግን ሁሉም ጠበቀው፡፡ ለፋሲካ ሰሞን «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ጥሪ ሲመጣና ሌላው ሰፈር «ለማን ይሰጥ?» እያለ ሲጣላ፣ የኛ ዝርዝር ተዘጋጅቶ ነበር፡፡

አዋጁ ወጣ፣ ጥያቄው ቀረ

መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተነገረ፡፡ መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፡፡ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ መጨባበጥ ክልክል፣ ታክሲ በግማሽ ይጫን፣ ማስክ ያላደረገ አደባባይ አይታይ ተባለ፡፡ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት፣ ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር ነው፡፡

አዋጁ ሁሉም ክፉ ነበር አልልም፡፡ ሐቁን መናገር አለብን፡፡ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር፣ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያባርር ደንግጓል፡፡ ይህ ለድሃ የተደረገ መልካም ነገር ነው፡፡ በፈቃዳቸው ኪራይ የማሩ አከራዮችም ነበሩ፤ እግዜር ይስጣቸው፡፡ ነገር ግን «ምን ልብላ?» ላለው የቀን ሠራተኛ አዋጁ ምን መለሰለት? አሠሪው ማነውና ነው የማያባርረው? እሱ እኮ በየማለዳው ነው የሚቀጠረው፤ በየማታውም ነው የሚባረረው! ታክሲው በግማሽ ሲጭን ታሪፉ እጥፍ ሆነ፡፡ እጥፉን የከፈለው ማን ነው? መኪና ያለው ነው እንዴ? «በየት ውሃ?» ላለችውስ እህታችን? በየባንኩና በየካፌው በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ተደረደረ፡፡ ጥሩ ነው፡፡ እቤቷ ያለው ቧንቧ ግን ፈረቃውን እንደጠበቀ ነበር፡፡

ወሬስ? ወረርሽኝ ሲመጣ ከምግብ ቀጥሎ የሚያስፈልገው እውነተኛ ወሬ ነው፡፡ በምዕራብ ኦሮሚያ ወለጋ ውስጥ ከታኅሣሥ ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፡፡ በሽታው አገር ከገባ በኋላ እንኳ እስከ መጋቢት 22 ድረስ አልተከፈተም፡፡ ያ ሕዝብ «ካመማችሁ በ8335 ደውሉ» ሲባል በምን ይደውል? በጩኸት? ስለ 200 ሺህ መቃብር ዝግጅት የዘገበ ጋዜጠኛ ደግሞ ታሰረ፡፡ ዘገባው ስህተት ከሆነ ማስረጃ አውጥቶ ማስተባበል ነበር፡፡ ወሬን በእስር ቤት ማስተባበል አይቻልም፡፡ ሰው የታሰረበት ወሬ ይበልጥ ነው የሚታመነው!

ማስክ ያላደረጉ ሰዎች በጅምላ እየታፈሱ ፖሊስ ጣቢያ ሲታጎሩ አይታችኋል፡፡ «ተራራቁ» ለማለት ሰውን አንድ ክፍል ማጎር! ውጤቱ ምን ሆነ? ማስካችንን አገጫችን ላይ አንጠለጠልነው፡፡ ፖሊስ ሲታይ ወደ ላይ፣ ፖሊስ ሲያልፍ ወደ ታች፡፡ ማስኩ የተደረገው ለቫይረሱ አልነበረም፤ ለፖሊሱ ነበር፡፡ ያልተጠየቀ፣ ያልተረዳ ሕዝብ ማስክ የሚያደርገው ለፖሊስ ነው፡፡ ፖሊስ ደግሞ የሌለበት ቦታ ይበዛል፡፡

ሦስተኛው ጥያቄ «እናንተስ?» የሚል ነው፡፡ ክርስቲያኑ የሚያዝያ 11ን ትንሣኤ፣ ሙስሊሙ የግንቦት 16ን ኢድ በየቤቱ ዋለ፡፡ ስንት ዘመን ያልቀረበትን ደጀ ሰላምና መስጊድ በእንባ ቀረበት፡፡ ይህ ትንሽ መስዋዕትነት አይደለም፡፡ በዚያው አዋጅ ዘመን ሐምሌ ማለቂያ ላይ ግን ለግድቡ ድጋፍ ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ ማን ከለከለ? ግድቡን የማይወድ የለም፡፡ ግን ቫይረሱ ለቅሶን ከሰልፍ ይለያል እንዴ?

ምርጫውም እንደዚሁ ነው፡፡ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ተራዘመ፡፡ ማራዘሙ ያስኬድ ይሆናል፤ በዓለም ላይ ብዙ አገር አራዝሟል፡፡ ጥያቄው ማን ከማን ጋር ተማክሮ ወሰነ የሚለው ነው፡፡ ተቃዋሚዎች «ቁጭ ብለን እንነጋገር» ቢሉም ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥትን ዕድሜ አራዘመ፡፡ ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አደረገች፡፡ ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ፈነዳ፡፡ የጦርነቱ ሥር ከዚያ የጠለቀ መሆኑን አውቃለሁ፡፡ ግን በሽታን ሰበብ አድርጎ ምክክርን መዝጋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም፡፡ በመጨረሻ ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲደረግ በሽታው ጠፍቶ ነበር? አልጠፋም፡፡ ከዚያ ቀደም ብሎ በመጋቢትና በሚያዝያ ሆስፒታሎች ኦክስጂን እያጠራቸው ነበር፡፡ የገዢው ፓርቲ የምርጫ ስታዲየም ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፡፡ ይህን ያየ ሕዝብ «ለካ ውሸት ነው» ቢል ይፈረድበታል?

የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን የአስትራዜኔካ ክትባት ሲገባም እምነቱ አልቆ ነበር፡፡ «ያመክናል» የሚለው ወሬ ከክትባቱ ቀድሞ ሰፈር ገባ፡፡ እዚህ ሰፈር ወሬውን የሰበረው ፖስተር አይደለም፤ ነርሳችን በየቤቱ እየዞሩ ነው፡፡ ሰው የሚያምነው የሚያውቀውንና መልሶ ሊጠይቀው የሚችለውን ነው፡፡

የኅዳር ጭስ

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በዓለም የስፔን ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገባ፡፡ አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» አሉት፡፡ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር፡፡ በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ለዚያን ዘመኗ አዲስ አበባ ይህ ከባድ እልቂት ነው፡፡

ከዚያ ሁሉ ሞት ለኛ የተረፈን ምንድነው? ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፡፡ ልማዱን አልንቅም፡፡ ግን እናስበው፡፡ ያ ትውልድ ስለ ውሃው፣ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ምግቡ፣ የታመመ ጎረቤት በር ላይ ውሃ ስላስቀመጠው ሰው የተማረው ትምህርት የት ደረሰ? ማንም አልጻፈውም፣ ደንብ አልሆነም፤ ጭሱ ብቻ ቀረ፡፡

የኛስ? የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ድንገተኛ አደጋነቱ አብቅቷል አለ፡፡ በአገራችን የተመዘገበው ግማሽ ሚሊዮን ያህል በሽተኛና ከ7 ሺህ 500 በላይ ሟች ነው፡፡ ይህ የተመረመረው ብቻ ነው፤ ሳይመረመር የተቀበረውን እኛ እድርተኞች እናውቃለን፡፡ እነዚያ ቧንቧ የተገጠመላቸው ባልዲዎች ዛሬ የት አሉ? ቧንቧቸው ተነቅሎ ውስጣቸው የሲጋራ ቁራጭ ይጣልበታል፡፡ ገንዘቧ ድንኳን ከሆነች ደግሞ ከ2012 የተረፈን ነገር ምን እንደሚሆን ንገሩኝ፡፡ የኅዳሩ ትውልድ ጭስ ተረፈው፡፡ ለኛ ያም አይተርፈንም፡፡

«መንግሥት አለ አይደል?»

አጀንዳውን ያቀረቡት ወንድሞቼ ሦስት ነገር ይላሉ፡፡ አንደኛ፣ «ወረርሽኝ የመንግሥት ሥራ ነው፡፡» ልክ ነው፤ ሆስፒታልና ክትባት የመንግሥት ነው፡፡ ሚሌኒየም አዳራሽን የሕክምና ማዕከል ማድረግ እድር አይችልም፡፡ ነገር ግን የትኛው ቤት ውስጥ ማን ሳይበላ እንዳደረ መንግሥት አያውቅም፤ ጎረቤት ነው የሚያውቀው፡፡

ሁለተኛ፣ «እድር ለቀብር ነው» ይላሉ፡፡ በኤድስ ዘመንም እንዲህ ተብሎ ነበር፡፡ ያን ጊዜ በዚህች ከተማ ብዙ እድሮች በየሳምንቱ መቅበር ሲሰለቻቸው «ቀብሮ መመለስ ብቻ አይበቃም» ብለው ደንባቸውን ለወጡ፤ በቁም ያለውን ሕመምተኛና ወላጅ ያጣውን ሕፃን መርዳት ጀመሩ፡፡ እድር ያን ጊዜ አልፈረሰም፤ ይበልጥ ተከበረ፡፡

ሦስተኛ፣ «ክርክር ጊዜ ያባክናል፣ በወረርሽኝ ጊዜ ትእዛዝ ነው የሚያዋጣው» ይላሉ፡፡ እዚህ ላይ ነው አጥብቄ የምቃወመው፡፡ የኛ ክርክር የወሰደው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፡፡ ያለ ክርክር የመጣው ትእዛዝ ግን አምስት ወር ቆይቶም አገጭ ላይ ነበር የቀረው፡፡ የትኛው ነው ጊዜ ያባከነው? ጎረምሳው ስለ ውጭ አገር ሰዎች የተናገረውን ክፉ ነገር አደባባይ ስላወጣው ነው አባታችን የመለሱት፡፡ ሆዱ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ድንጋይ ይሆን ነበር፡፡

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አራት ነገር ነው የምጠይቃችሁ፡፡

አንደኛ፣ ገንዘቧ ባለችበት ትቆይ፤ ከየወሩ መዋጮም ትንሽ ትታከልባት፡፡ ድንኳኑን በተለየ መዋጮ እናሰፋዋለን፤ ለዚያ የመጀመሪያውን እኔ እከፍላለሁ፡፡

ሁለተኛ፣ የስም ዝርዝሩ በየዓመቱ ይታደስ፡፡ የቀን ሠራተኛው፣ ብቻውን ያለው አዛውንት፣ ሮቶ የሌለው ቤት፣ መድኃኒት የማያቋርጥ ሕመምተኛ ይመዝገብ፡፡ ዝርዝሩ ለእርዳታ እንጂ ለማንም ቢሮ ፖለቲካ እንዳይውል በደንባችን ይጻፍ፡፡

ሦስተኛ፣ መሰብሰብ ቢከለከል በየመንደሩ አንድ ሰው ተመርጦ የቤቱን ሁሉ ሐሳብ በስልክ እየሰበሰበ ለኮሚቴው ያምጣ፡፡ ስብሰባ ይታገዳል፤ ምክክር ግን አይታገድም፡፡

አራተኛ፣ ወደፊት ወረርሽኝ ተነስቶ መመሪያ ሲመጣ፣ ኮሚቴያችን መመሪያውን እየጠበቀ ለወረዳው በጽሑፍ ሦስት ጥያቄ ያቅርብ፡፡ ቤት ተቀመጡ ከተባልን ምን እንበላለን? ታጠቡ ከተባልን ውሃው ከየት ይመጣል? ሕጉ እናንተንም ይመለከታል ወይ? ይህ አመፅ አይደለም፡፡ ግብር ከፋይ ዜጋ መንግሥቱን መጠየቁ ነው፡፡ መልስ ከመጣ ለአባላት ይነበብ፡፡ መልስ ካልመጣም አለመምጣቱ ይነበብ፡፡

ቀጣዩ በሽታ ስሙ ምን እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፡፡ እንደሚመጣ ግን ኅዳርም ኮሮናም ነግረውናል፡፡ ያን ቀን የዚህ ሰፈር ልጆች ቃለ ጉባኤውን ሲገልጡ ደንብና ጥቂት ገንዘብ ያግኙ፡፡

ክቡር ሰብሳቢ፣ ጨርሻለሁ፡፡ ድምፅ ይሰጥልን፤ የሚቃወመኝ ካለ ደግሞ ከድምፁ በፊት ዕድል ይሰጠውና ይከራከረኝ፡፡